ከጌጁ በፊት የሴንሰሩ ቦታ፦ ለባለተርቦ መኪና ተጨማሪ ጌጅ አመራረጥና አገጣጠም

ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚያወጣው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ዕቃ የጫነ ባለተርቦ የናፍጣ ፒክአፕ ያንን ዳገት ሲገፋ የውሃ ሙቀት ቀስቱ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሾፌሩም ሁሉ ሰላም ይመስለዋል። በዚያው ሰዓት ከሲሊንደሮቹ የሚወጣው ጭስ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ሊሆን ይችላል። የፋብሪካው ጌጅ ስለ ጭሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለ ውሃውም ቢሆን ሐቁን ሁሉ አይናገርም። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ቀስቱ ሆን ተብሎ እንዲደነዝዝ ስለተደረገ፣ ሙቀቱ አሥር ሃያ ዲግሪ ቢወጣና ቢወርድ ንቅንቅ አይልም።

ተጨማሪ ጌጅ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከተሳሳተ ጫፍ ነው። መጀመሪያ የሚያምር ጌጅ ይገዛል፣ ሴንሰሩ የት እንደሚገባ የሚታሰበው ኮፈኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። ውድ ጌጅ የተሳሳተ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ሴንሰር ትክክለኛ ቁጥር አያወጣም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፦ ምን ይለካ፣ ከየት ይለካ፣ ከዚያ በኋላ በየትኛው ጌጅ።

ምን ይለካ ለሚለው መልሱ በነዳጁ ይወሰናል። የናፍጣ ሞተር ለሚገባው አየር ነዳጁ ሲበዛበት ይግላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጌጅ የጭስ ሙቀት ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ፒስተኑ ከዚያ በላይ በጋለ ጭስ ሥር የሚቆየው ዘይቱና የሲሊንደሩ ግድግዳ ሙቀቱን ስለሚወስዱለት ነው፤ ይህ ትዕግሥቱ ግን ልክ አለው። ከተርቦው በፊት ሲለካ 700 ዲግሪ አካባቢ ለረጅም ዳገት እንደ ጣሪያ ቢያዝ መልካም ነው። በቤንዚን ሞተር ነገሩ ይገለበጣል፤ በተርቦ ግፊት ሥር ነዳጅ ሲያንስ ነው አደጋው። እዚያ ቀዳሚው የአየርና ነዳጅ ምጣኔ ጌጅ ነው። በዝግታ ጉዞ 14.7 ለ1 የሚያሳየው ቁጥር ሙሉ ግፊት ላይ ወደ 12ና 11 መውረድ አለበት።

ሁለተኛው የተርቦ ግፊት ጌጅ ነው፤ አንዳንዱ በባር፣ አንዳንዱ በፒኤስአይ ያነባል (1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው)። እዚህ ላይ የደጋ ሾፌር ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጌጁ ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሚያነብ፣ «1 ባር» ሲል ሞተሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ 2 ባር ያህል አየር ያገኛል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 1.75 አካባቢ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ አየሩ ግን አነስተኛ። የነዳጅ ፓምፑ አሮጌና ሜካኒካል ከሆነ ለአነሰው አየር የቆላውን ያህል ናፍጣ ሊሰጥ ስለሚችል ጭሱ ይጠቁራል፣ ይግላልም። የግፊት ጌጅ ብቻውን የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ የዘይት ግፊት ይመጣል። በተለምዶ ለየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር ገደማ ይጠበቃል። የውሃ ሙቀትን በተመለከተ አንድ የማይታለፍ ወጥመድ አለ፦ ውሃው ፈስሶ ካለቀ በውሃ ውስጥ መቆም የነበረበት ሴንሰር አየር ላይ ይቀራል፤ ሞተሩ እየተቃጠለ ጌጁ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በቴስታታው ብረት ላይ በብሎን የሚታሰር ባለቀለበት ሴንሰር ይህን ጉድለት ይሸፍናል፤ ዋጋውም ቀላል ነው።

ግዢ ላይ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። መጀመሪያ ቮልቱ፤ ብዙ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ የሚገኘው አብዛኛው ጌጅ ደግሞ ለ12 ቮልት የተሠራ ነው። ቀጥሎ መጠኑ፤ የተለመደው 52 ሚሊሜትር ሲሆን ማስቀመጫውም በዚያው ልክ ይገኛል። ከመኪናው ኮምፒዩተር ሶኬት በብሉቱዝ ወደ ስልክ የሚያነበው ርካሽ መሣሪያ እንደ መነሻ አይናቅም፤ ሆኖም ብዙ አሮጌ የናፍጣ መኪኖች የጭስ ሙቀት ሴንሰር ስለሌላቸው ያንን አያሳይም። ሞተሩ ጠፍቶ የማኒፎልድ ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ቢል ደግሞ አልተበላሸም፤ የአዲስ አበባን አየር እያነበበ ነው።

አሁን ወደ ገጠማው። ከባዱ ሥራ የጭስ ሙቀት ሴንሰሩ፣ ማለትም ቴርሞካፕሉ ስለሆነ ከእሱ ይጀመር። ቦታው የሁሉም ሲሊንደር ጭስ የሚገናኝበት፣ ከተርቦው አፍ ጥቂት ቀደም ብሎ ያለው የማኒፎልዱ ክፍል ነው። ከተርቦው በኋላ ማርሚታው ላይ መግጠም ይቀላል፤ ነገር ግን እዚያ የሚነበበው ሙቀት ጭነት ላይ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊያንስ ይችላል፣ ልዩነቱም እንደ አነዳዱ ይለዋወጣል።

ማኒፎልዱ ተፈቶ ቶርኖ ቤት ይሂድ። ሳይፈታ፣ ሞተሩን አስነስቶ «ጭሱ ብናኙን ያስወጣዋል» እያለ በትራፓኖ የሚበሳ ባለሙያ አይጠፋም። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር የተርቦ ተሽከርካሪ የብረት ፍርፋሪ ሲጎርስ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ግን የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ አያስከፋውም። ለተለመደው 1/8 ኢንች ጥርስ 8.5 ሚሊሜትር ገደማ ይበሳል፣ ጥርስ ይወጣለታል፣ ፍርፋሪው በአየር ግፊት ይነፋል፣ የሴንሰሩ ጫፍ የቱቦው መሐል እስኪደርስ ይገባል። የቴርሞካፕል ሽቦ አጠረ ተብሎ በተራ የመዳብ ሽቦ አይቀጠልም፤ መጋጠሚያው በጋለ ቁጥር ንባቡ ይሳሳታል። ከራሱ ዓይነት ማስረዘሚያ ይፈለግ።

የተርቦ ግፊት ቀላል ነው። ከኢንተርኩለሩ በኋላ፣ ከአየር ማኒፎልዱ ላይ ካለ ቀጭን ቱቦ በቲ ማገናኛ ይወሰዳል። ዌስትጌቱን፣ ማለትም የተርቦውን ግፊት የሚገድበውን በር፣ የሚያዘው ቱቦ ግን አይነካ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከተፈጠረ ዌስትጌቱ መቼ እንደሚከፈት ሳያውቅ ይቀርና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በፋሼታ ይጠበቅ።

በዘይት ግፊት ሴንሰር ላይ የሚሠራው ስሕተት ግን ሞተር ይበላል። የብዙ ጃፓን ሠራሽ ሞተሮች የዘይት ቀዳዳ 1/8 ቢኤስፒቲ ሲሆን በአንድ ኢንች 28 ጥርስ አለው፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ ዓይነት ሴንሰሮች ደግሞ 1/8 ኤንፒቲ ናቸው፣ 27 ጥርስ። ሁለቱ በዓይን መንታ ናቸው፤ ጥቂት ዙር ይገባሉ፣ ከዚያ ይጠነክራሉ። በጉልበት ከተገፋ የሞተሩ ብሎክ ጥርስ ይበላሻል። አስማሚው ጥቂት ብር ነው። ከባድ ሴንሰርም በነሐስ ቲ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ ንዝረቱ አንገቱን ይሰብረውና ዘይቱ ይፈስሳል። በአጭር ተጣጣፊ ቱቦ ወደ ጎን ወጥቶ የሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይታሰር፤ ባለአንድ ሽቦ ከሆነም አካሉ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ይገናኝ። ጥርሱ በቴፍሎን ከተሸፈነ ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላልና እዚያ ላይ ቁጠባ ይሻላል።

የኤሌክትሪኩ ነገር አያስቸግርም። ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚሠራ መስመር፣ ከ3 እስከ 5 አምፔር ፊውዝ ተደርጎለት ይወሰዳል፤ የጌጁ መብራት ከመኪናው የማታ መብራት ጋር ይያያዛል፣ አለበለዚያ ሌሊት ዓይን ይወጋል። ሽቦው ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ የጎማ ጠርዝ ይኑረው። የፊት መስታወቱ የጎን ምሰሶ ውስጥ ኤርባግ ካለ ጌጁ ዳሽቦርዱ ላይ ይሁን።

ከተገጠመ በኋላ በታወቀ ዳገት፣ በታወቀ ጭነት የሚታዩት ቁጥሮች ይመዝገቡ። ያለ መነሻ ቁጥር ጌጅ ብዙም አይጠቅምም። ከወራት በኋላ በዚያው ዳገት ግፊቱ ወርዶ የጭሱ ሙቀት ከወጣ፣ የተቀደደ የአየር ቱቦ ወይም በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ ይፈተሽ። ሙቀቱ ጣሪያውን ሲነካ አንድ ማርሽ ዝቅ ማድረግና የነዳጅ መርገጫውን ማላላት በሰከንዶች ውስጥ ያወርደዋል፤ ከከባድ ዳገት በኋላም ንባቡ ከ200 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ሞተሩ ሳይጠፋ ቢቆይ ተርቦው ውስጥ ዘይቱ አያርርም። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ መርገጫው ሲጫን የሙቀቱ ቁጥር ወደ ታች ከሮጠ ደግሞ ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ የቴርሞካፕሉ ሁለት ሽቦዎች ተቀያይረው ታስረዋል።