የዓሣ ማቆያው ማሞቂያ የት ይቀመጥ?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል የምትገኘው ግንደወይን ከጣና ሐይቅ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚያ ያለ የሳይንስ ክበብ የቀረሶ ጫጩቶችን በመስታወት ማቆያ (በአኳሪየም) ለማሳደግ ቢነሣ የመጀመሪያው ፈተና የሌሊቱ ብርድ ይሆናል። ቀረሶ በሚገባ የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ውኃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ መመገቡን ያቆማል፤ ብርዱ ከዚያም ቢበረታ ይሞታል። ስለዚህ ማሞቂያ ግድ ነው። ነገር ግን ማሞቂያን መግዛት አንድ ነገር ሲሆን በተገቢው ቦታ ማስቀመጥ ሌላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በፊዚክስ ትምህርት በምናውቀው ስሌት እንመረምራለን።

ስንት ዋት ያስፈልጋል?

የ1 ኪሎግራም ውኃን መጠነ ሙቀት በ1 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 4,186 ጁል ጉልበት ያስፈልጋል። ስለዚህ 100 ሊትር ውኃ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 418,600 ጁል ይፈልጋል። ባለ 100 ዋት ማሞቂያ በሴኮንድ 100 ጁል ስለሚሰጥ፣ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ ውኃውን ከ15 ወደ 25 ዲግሪ ለማድረስ 12 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

ሙቀት ግን ዘወትር ይባክናል። የሚባክነውን መጠን ለማወቅ ውኃውን 25 ዲግሪ ካደረስን በኋላ፣ ዓሦቹ ገና ሳይገቡ፣ ማሞቂያውን በቀዝቃዛ ሌሊት ለአንድ ሰዓት እናጥፋው። መጠነ ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ ከቀነሰ 209,300 ጁል በ3,600 ሴኮንድ ባክኗል ማለት ነው፤ ይህም 58 ዋት ነው። የምንመርጠው ማሞቂያ ከዚህ መጠን በቂ ብልጫ ሊኖረው ይገባል።

ፍሰት ያለበት ቦታ

ማሞቂያው በውስጡ ቴርሞስታት አለው። ቴርሞስታቱ የሚለካው ግን በአጠገቡ ያለውን ውኃ ብቻ ነው። ማሞቂያው ፀጥ ባለ ጥግ ቢቀመጥ 1 ሊትር የሚሆን በዙሪያው የተኛ ውኃ በደቂቃ 1.4 ዲግሪ ያህል ሊሞቅ ይችላል። ቴርሞስታቱም «በቂ ነው» ብሎ ያጠፋል፤ በሌላው ጫፍ ያሉት ዓሦች ግን ገና በብርድ ላይ ናቸው።

በአንጻሩ በሰዓት 300 ሊትር ውኃ በማሞቂያው አጠገብ ቢያልፍ እያንዳንዱ ሊትር የሚሞቀው በ0.3 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ሙቀቱ ለሁሉም እኩል ይዳረሳል፤ ቴርሞስታቱም የመላውን ማቆያ ሁኔታ ያነባል። ማጣሪያው በማቆያው ውስጥ ከሆነ ማሞቂያውን ወደ ታችኛው ክፍል አውርዶ፣ አግድም አስተኝቶ፣ ከማጣሪያው መውጫ አጠገብ ማድረግ ይበጃል፤ የሞቀ ውኃ እፍግታው ስለሚቀንስ ወደ ላይ ይወጣልና። ቴርሞሜትሩ ግን በተቃራኒው ጥግ ይሁን።

ከማጣሪያው በፊት ወይስ በኋላ?

ከማቆያው ሥር በመከለያ ሦስት ቦታ የተከፈለ የማጣሪያ ሣጥን አለን እንበል። በመጀመሪያው ክፍል ስፖንጅ ቆሻሻውን ይይዛል፤ በሁለተኛው ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ በሦስተኛው ያለው ፓምፕ ውኃውን ወደ ላይ ይመልሳል። ውኃው ስለሚዘዋወርና በአንድ ዙር የሚጨምረው 0.3 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ ከሙቀት አንጻር ማሞቂያው ከማጣሪያው በፊትም ሆነ በኋላ ቢሆን ልዩነቱ ኢምንት ነው። ወሳኞቹ ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ንጽሕና ነው። ስፖንጁ ያጣራው ውኃ የማሞቂያውን መስታወት በቆሻሻ አይሸፍነውም። ሁለተኛውና ዋነኛው የውኃው ከፍታ ነው። ፓምፑ እስከሠራ ድረስ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ከፍታ በመከለያው ተጠብቆ ይቆያል። በትነት የሚጎድለው የፓምፑ ክፍል ብቻ ነው። በዚያ የተቀመጠ ማሞቂያ አንድ ቀን ከውኃ በላይ ብቅ ሊል ይችላል፤ በአየር የጋለው መስታወት ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተመራጩ ቦታ ከስፖንጁ በኋላ፣ ከፓምፑ ክፍል በፊት ያለውና ውኃ በደንብ የሚያልፍበት ክፍል ነው።

መብራት ሲጠፋ

መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ማሞቂያውም አብረው ይቆማሉ። ከላይ የሚወርደውን ውኃ እንዲቀበል ሣጥኑ አስቀድሞ ባዶ ቦታ ሊተውለት ይገባል። የማቆያውን ጎኖች በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መሸፈን ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል፤ የላይኛው ገጽ ግን አየር ማግኘት አለበት። የበለጠ አታላይ የሆነው ፓምፑ ብቻውን ሲበላሽ ነው፦ የማሞቂያው መብራት እየበራ እየጠፋ በሣጥኑ ያለውን ውኃ ብቻ ያሞቃል፤ ላይ ያሉት ዓሦች ግን ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ በየማለዳው መታየት ያለበት የማሞቂያው መብራት ሳይሆን ዓሦቹ ባሉበት ያለው ቴርሞሜትር ነው።

የደጋው ተጨማሪ ሒሳብ

የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውኃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ ይህ መጠን ወደ 6.2 ሚሊግራም ይቀንሳል። እንግዲህ በደጋ ውኃን የሚያሞቅ ሰው አየርንም ማሰብ አለበት፤ ከፓምፑ የሚመለሰው ውኃ የላይኛውን ገጽ እያናወጠ እንዲወርድ ማድረግ ይገባል።

በመጨረሻም ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት መሆኑ አይዘንጋ። እጅ ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል። ማሞቂያውም ከውኃ የሚወጣው ከተነቀለ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቢታጠፍ የሚንጠባጠበው ውኃ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ ይወድቃል።

አንባቢያን ከላይ ያቀረብነውን የአንድ ሰዓት ሙከራ አንድ ጊዜ ያለ መሸፈኛ፣ ሌላ ጊዜ ጎኖቹን በጋቢ ሸፍነው ቢደግሙት ጋቢው ስንት ዋት እንደሚቆጥብ ራሳቸው ሊያሰሉ ይችላሉ።