ሰላማዊ ሰልፍ፦ መብቱና ኃላፊነቱ

በፊልጵስዩስ ከተማ ሹማምንቱ ቅዱስ ጳውሎስንና ሲላስን ያለ ፍርድ በአደባባይ አስገርፈው አሰሯቸው። በማግሥቱ በስውር ሊለቋቸው ሲሹ ግን ጳውሎስ የሮም ዜግነቱን ጠቅሶ፣ ራሳቸው መጥተው እንዲያስወጧቸው ጠየቀ (ሐዋ. 16፥35-39)። ሐዋርያው ዱላ አላነሣም፤ በደሉንም በዝምታ አላለፈውም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ይህንኑ ይከተላል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በ1955 ዓ.ም. «ሰላም በምድር» በተሰኘው መልእክታቸው የመሰብሰብን መብት ከሰው ልጅ የተፈጥሮ መብቶች ቆጥረውታል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም የተጨቆኑ ዜጎች የተፈጥሮ ሕግና ወንጌል በሚፈቅዱት ወሰን መብታቸውን ማስከበር እንደሚችሉ አስተምሯል።

የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይያዝ በሰላም መሰለፍን ይፈቅዳል። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት አዘጋጆቹ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃሉ። ይህ ማሳወቅ እንጂ ፈቃድ መለመን አይደለም። አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው እንዲለወጥ ቢፈልግ በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ ይገባዋል፤ ሰልፉን ፈጽሞ መከልከል ግን አይችልም።

ይህ ሥርዓት ሲፈርስ የሚከተለውን አካባቢያችን ያውቃል። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በቴፒ ከተማና በዙሪያዋ፣ ከአስተዳደር ጥያቄ በተነሣ ግጭት ከ100 በላይ የሸኮና የመዠንገር ተወላጆች መገደላቸውን የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ዘግበዋል። ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት 16 ቀን፣ በሐዋሳ አቅራቢያ በሎቄ የሲዳማ ሰልፈኞች በጥይት ወደቁ።

በዴሞክራሲ ብዙኃኑ በድምፅ ብልጫ ይወስናል። ቁጥሩ ያነሰ ሕዝብ ግን በምርጫ ሣጥን ብቻ ሊሰማ አይችልም። ስለዚህ ሰልፍ የመንግሥት ጠላት ሳይሆን፣ ምርጫ ያላሰማውን ድምፅ የሚያሰማ መንገድ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ጥያቄው አይጠፋም፤ ወደ ቂም ይለወጣል።

ኃላፊነቱ የሁለቱም ወገን ነው። ሰልፈኛው ጦርና ገጀራውን ቤቱ ትቶ ይውጣ፤ የጎረቤቱን ብሔር አይሳደብ፤ የማንንም ቡና አይቁረጥ። ባለ ሥልጣኑም ከጥይት በፊት ጆሮውን ያቅርብ፤ በፊቱ የቆመው በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ሰው ነውና።

ለውይይት፦
1. ጳውሎስ ዝም ብሎ ቢወጣ ኖሮ በፊልጵስዩስ የቀሩት ምእመናን ምን ይደርስባቸው ነበር?
2. በቀበሌያችን ሰሚ ያጣው የማን ጥያቄ ነው? እኛስ ሰምተነዋልን?