የመንገድ መረብና የኪርኾፍ ቀለበት

በሀዋሳ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚሄድ እግረኛ መንገዱ ድንገት ቢዘጋበት ብዙም አይቸገርም፤ ታጥፎ በሚቀጥለው ቅያስ ይሄዳል። ከመሐል ከተማ ርቀው በተስፋፉ አንዳንድ መንደሮች ግን አንድ የአሸዋ መኪና መንገድ ላይ ከቆመ ባጃጁ ወደ ኋላ ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም። ልዩነቱ የአስፋልት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ልዩነቱ በቁጥር የሚገለጽ ሲሆን፣ ቀመሩም በኤሌክትሪክ ትምህርት ከምታውቁት የኪርኾፍ ሕግ ጋር ይዛመዳል።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ኪርኾፍ እ.ኤ.አ. በ1847 የኤሌክትሪክ መረብን ሲያጠና፣ በመረቡ ውስጥ ስንት ራሳቸውን የቻሉ ቀለበቶች እንዳሉ ማወቅ አስፈልጎት ነበር። መልሱ ቀላል ነው፤ ከሽቦዎቹ ብዛት የመገናኛዎቹን ብዛት ቀንሶ አንድ መደመር። በሽቦ ፋንታ መንገድ ብንል ቀመሩ አይለወጥም።

በአራት ረድፍና በአራት ዓምድ የተደረደሩ 16 መገናኛዎች አሉ እንበል። ጎረቤታሞቹ ሁሉ ቢያያዙ 24 የመንገድ ቁራጮች ይኖራሉ፤ 24 − 16 + 1 = 9 ቀለበት ማለት ነው። እነዚያኑ 16 መገናኛዎች በ15 ቁራጮች ብቻ ማያያዝም ይቻላል። ከየትም ወደ የትም ይደረሳል፤ መሬትም ይቆጠባል። የቀለበቱ ቁጥር ግን 15 − 16 + 1 = 0 ነው። ከ15ቱ አንዷ ቁራጭ በጎርፍም ይሁን በግንባታ ብትዘጋ መንደሩ ለሁለት ይቆረጣል። በመጀመሪያው መረብ የትኛዋም አንዲት ቁራጭ ብትዘጋ ማንም ከማንም አይለይም። ቀለበት አልባውን መረብ የሒሳብ ሰዎች «ዛፍ» ይሉታል።

የዛፉ ሌላ ጉዳት ዙረት ነው። በካሬ መረብ ውስጥ ከመገናኛ ወደ መገናኛ የሚኬደው ርቀት ከቀጥታው ርቀት ቢበዛ 1.41 እጥፍ (√2) ነው። በዛፍ ግን እንዲህ ያለ ወሰን የለም። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ስኖር የገበያ መደብሩ ከመስኮቴ 200 ሜትር ያህል ርቆ ይታየኝ ነበር፤ በእግር ለመድረስ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ መዞር ነበረብኝ። አገሩ የመኪና አገር ስለነበር ከእኔ በቀር የሚያማርር አልነበረም።

ነገሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ክሪስቶፈር ባሪንግተን-ሊ እና አዳም ሚላርድ-ቦል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ከ1975 ወዲህ የዓለም ከተሞች መንገዶች ትስስር እየላላ መምጣቱን አሳይተዋል። ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ቀድሞ ትስስሩ የላላ ከተማ በኋላም የሚሠራው የላላውን ነው።

ሀዋሳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በሐይቁና በታቦር ተራራ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ስትቆረቆር ቀጥ ያሉና የሚቋረጡ መንገዶችን አግኝታለች። ዛሬ በምዕራብ ሐይቁ ስለሚያግዳት የምትሰፋው በሌሎቹ አቅጣጫዎች ነው። የእርሻ መሬት በየባለይዞታው ተራ በተራ ሲሸነሸን ግን እያንዳንዱ ቅያስ ከጎረቤቱ አጥር ላይ ይቆማል። ከዚያ ኮብልስቶን ይነጠፋል፣ ቧንቧ ይቀበራል፣ የመብራት ምሰሶ ይተከላል። ቤት ፈርሶ ይሠራል፤ ቅያስን ማቃናት ግን የብዙ ሰው ይዞታ መንካት ነው።

በእርግጥ የተዘጋ መንገድ ጸጥታ አለው፤ ሕፃናትም ኳስ ይጫወቱበታል። ይህን ሳያጡ ማስተካከል ይቻላል። የሁለት ዝግ ቅያሶችን ጫፍ የምታገናኝ፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የምትበቃ ጠባብ መተላለፊያ አንድ ቀለበት ትፈጥራለች፤ በዚያ ቀለበት ላይ ያለ ቤት ሁሉ ለእግረኛ ሁለት መውጫ ያገኛል። ብስክሌት ለሚወድ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መተላለፊያዋ የምታስፈልገው ግን መሬቱ ከመሸንሸኑ በፊት ነው።

የሰፈራችሁን መንገዶች በወረቀት ንደፉና ቀለበቶቹን አስሉ። የተዘጋ መንገድ ጫፍም እንደ አንድ መገናኛ ይቆጠራል፤ ይህን የዘነጋ ተማሪ ሰፈሩ ከእውነተኛው ይልቅ የተሳሰረ ይመስለዋል።