ፎቶግራፍና ቅኔ በዘመነ ጽጌ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ዘመነ ጽጌ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ራሳቸው ያነሧቸውን የተፈጥሮ ፎቶግራፎች በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ ደርድረው፣ ከእያንዳንዱ ሥር በአማርኛ የገጠሙትን ግጥም ጽፈው ለምእመናን አሳይተው ነበር። አብዛኛው ፎቶግራፍ ቀይና ቢጫ የሆነ፣ የረገፈ ቅጠል ነው። አንድ የምናከብራቸው አባት ዞረው ከተመለከቱ በኋላ «ልጆቼ፣ ጽጌ እኮ የአበባ ወራት ነው፤ ይህ የምታሳዩን የዛፍ ሞት ነው» አሉ። ወጣቶቹ መልስ አጡ፤ እኛም በዕለቱ ዝም አልን። ይህን ትምህርት የምንጽፈው ያን ዝምታችንን ለመካስ ነው።

የአባታችን ቃል መሠረት የሌለው አይደለም። ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው 40 ቀን ነው። በአገራችን ያን ጊዜ ክረምቱ አልፎ፣ ጭጋጉ ተገፎ፣ ተራራውና ሜዳው አደይ አበባ ይለብሳል። (አንዳንድ ጸሐፍት ከባዕድ ቋንቋ ሲተረጉሙ ይህን ወራት «ጸደይ» ይሉታል። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ስሕተቱ እየተለመደ ስለ ሄደ ሳንጠቅሰው ማለፍ አልወደድንም።) እዚህ በስደት ባለንበት አገር ግን ማኅሌተ ጽጌ በሚቆምባቸው በእነዚያው ሳምንታት ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ያራግፋል። እኛ ለብዙ ዓመታት መቋሚያ ይዘን ስንቆም ዐይናችንን ጨፍነን የምናየው የአገራችንን መስከረም ነበር። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ግን ቢጨፍኑ የሚታያቸው አደይ የለም። ታዲያ እነርሱ ፈጣሪያቸውን በየትኛው ፍጥረት ያመስግኑ?

የማኅሌተ ጽጌ ደራሲ አባ ጽጌ ድንግል ያደረጉትን እናስተውል። አበባን ስለ አበባነቱ ብቻ አላወደሱም። አበባውን ለእመቤታችን፣ ፍሬውን ለልጇ ምሳሌ አድርገው፣ ዐይን ከሚያየው ተነሥተው ወደማይታየው ተሻገሩ። ቤተ ክርስቲያናችንም በዚሁ ወራት የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ ታስባለች፤ ሰቆቃወ ድንግልም የሚዜመው በዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ ጽጌ የአበባ ወራት ብቻ ሳይሆን የስደትም ወራት ነው። በስደት ምድር ያለ ልጅ የዚያን ምድር ዛፍ አተኩሮ ቢመለከት ከጽጌ አልወጣም ማለት ነው።

ማየት ራሱ ትእዛዝ ነው። ጌታችን በተራራው ስብከት የሜዳ አበቦችን እንድንመለከት ሲያዝዝ፣ በማቴዎስ 6፥28 በግሪኩ የተጻፈው ቃል ዐይን ጣል ማድረግን ሳይሆን አጥብቆ መማርን ያመለክታል። ዳዊትም በመዝሙር 103 «ተፈጥሮ ውብ ናት» ብሎ በጅምላ አላለፈም፤ የአንበሳውን ደቦል፣ የወፉን ጎጆ፣ የባሕሩን እንስሳ እያንዳንዱን በየስሙ ጠርቶ ነው ያመሰገነው። ካሜራ ለዚህ ትምህርት መልካም መሣሪያ ይሆናል፤ ሰውን ያስቆመዋልና።

ወደ ተነቀፈው ቅጠል እንመለስ። ቅጠል በመከር ጊዜ ቢጫ የሚሆነው አዲስ ቢጫ ተቀብቶ አይደለም። ቢጫው በበጋው ሁሉ በቅጠሉ ውስጥ ነበረ፤ አረንጓዴው ስለ ሸፈነው አይታይም ነበር። ቀኑ አጥሮ ብርዱ ሲመጣ አረንጓዴው ይፈርሳል፤ የተሰወረው ቢጫም ይገለጣል። ቀዩ ቀለም ግን ከዚህ ይለያል፤ በብዙ ዛፎች ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት እንደ አዲስ የሚሠራ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ስለ ቢጫው ሲሰማ ልቡ ወዴት እንደሚሄድ መናገር አያሻም። አንጥረኛ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፤ በእሳት አቅልጦ ያስወጣውና በባዶው ስፍራ ወርቁን ያፈስሳል። ሰሙ ከተጣመመ ወርቁም ተጣሞ ይወጣል። በፎቶግራፍም ያው ነው፤ በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ቀለሙን አጋንኖ ያልነበረ ቅጠል የሚሠራ ሰው ሰሙን አጣሞታል፤ ከሥሩ የሚጽፈው ምስጋናም አይቃናለትም።

ግጥሙን በሚመለከት ደግሞ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ከወጣቶቹ አንዲቱ ከቅጠሏ ሥር አራት ስንኝ ጽፋ ነበር። ቅጠሉ ቀይ ነው፣ ውብ ነው፣ እግዚአብሔር ድንቅ ነው ይላል። ቀይነቱን ፎቶግራፉ ተናግሮታል፤ ውበቱንም ተመልካቹ አይቶታል፤ ለግጥሙ የቀረለት ሥራ የለም። «ዐይን ያየውን ሁሉ ሠርዘሽ የቀረውን አምጪ» አልናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይህን አመጣች፦

በብርድ ነፋስ ወድቆ፣ ሁሉ የረገጠው፣
ያ ቅጠል ተነሣ፤ ብርሃኑ ገለጠው።

ይህ በቅኔ ቤት ኅብር የሚባለው መንገድ ነው፤ ኅብሩ ያለው «ተነሣ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በአማርኛችን ሰው ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከሙታንም ይነሣል። በሰሙ፣ የወደቀውና የተረገጠው ቅጠል ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ብርሃን አርፎበት ምስሉ ታየ። ፎቶግራፍ የሚለው የግሪክ ቃል ራሱ የብርሃን ጽሕፈት ማለት ነው። በወርቁ፣ ቅጠል ለብሶ ከገነት የወጣው አዳም ከወደቀበት ተነሣ፤ ብርሃን የተባለ ክርስቶስም ገለጠው። እኛም በመምህርነታችን አንድ ነቀፌታ አላጣንም፤ «‹ብርድ ነፋስ› ለሰሙ እንጂ ለወርቁ ጥንድ የለውም» አልናት። «የኔታ፣ ከእግዚአብሔር ቤት መውጣት አይበርድም?» አለችን። ነቀፌታችንን አንሥተናል።

አንድ ነገር እንዳይምታታ እንጨምር። የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ቅዱስ ሥዕል አይደለም። ቅዱሳት ሥዕላት በሥርዓት ተሥለውና ተባርከው ይሰገድላቸዋል፤ ቅጠሉ ግን ፍጥረት ነውና ቦታው አዳራሹ እንጂ ቅኔ ማኅሌቱ ወይም መቅደሱ አይደለም። ወጣቶቹ ይህን ሳይነገራቸው ጠብቀዋል።

ለመጪው ዘመነ ጽጌ ፎቶግራፍ ማቅረብ የምትሹ ሁሉ የፍጥረቱን ስም፣ የተነሣበትን ቦታና ቀን ከጀርባው ጻፉበት፤ ስሙን የማታውቁት እንደ ሆነ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ግጥሙ ከስድስት ስንኝ አይብለጥ። አደይ አበባ በአገር ቤት ያነሣችሁ ካላችሁም አምጡልን፤ ከቅጠሎቹ ጎን ይሰቀላል። ሲቃኙት ላልነገርናቸው አባታችንም በዚሁ አጋጣሚ ፎቶግራፉን አብረን እንድናየው ቀጠሮ ይዘናል።