ከበታቾቹ የተማረ አለቃ

ቤት በአንድ ምሰሶ አይቆምም፤ ሥራም በአንድ ሰው ዕውቀት ብቻ አይከናወንም። ስለዚህ አለቃ የሆነ ሰው ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል። አንደኛው፥ ሥራ ሲበላሽ ጥፋቱን በታናናሾቹ ላይ አለመጫን ነው። ሁለተኛው፥ ከርሱ በታች ያሉት የሚነግሩትን መስማት ነው። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ቀንበሩን እንዲያቀልላቸው ሕዝቡ ቢለምኑት አልሰማም፤ ስለዚህ ዐሥሩ ነገድ ተለዩት። ከርሱ የተለየ ሥራ የሠራ አንድ አለቃ ግን በአሜሪካ አገር ተነሣ።

በቴክሳስ ግዛት፥ በሂውስተን ከተማ፥ ኮንቲኔንታል የሚባል የአይሮፕላን ማኅበር ነበረ። ይህ ማኅበር ዕዳውን መክፈል ስላቃተው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 እና በ1990 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ኪሳራውን ለዳኛ አመለከተ። አይሮፕላኖቹ በሰዓታቸው አይደርሱም፤ የመንገደኛውም ዕቃ ይጠፋ ነበር። ከአገሩ 10 ታላላቅ የአይሮፕላን ማኅበሮች መካከል ሰዓት በመጠበቅ የመጨረሻው እርሱ ሆነ። ሠራተኞቹ ከማፈራቸው የተነሣ የማኅበሩን ምልክት ከልብሳቸው ላይ ይነቅሉ ነበር። እነርሱ የሥራውን ጉድለት በየቀኑ ያያሉ፤ ነገር ግን የሚጠይቃቸው አልነበረም። የአለቆቹ ደጅ ተቈልፎ ነበርና። የተሰጣቸውም የሕግ መጽሐፍ በምን ዓይነት ቀለም እርሳስ እንዲጽፉ እንኳ ያዝዛቸው ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ጎርደን ቤቲዩን የሚባል ሰው የማኅበሩ አለቃ ሆነ። ይህ ሰው በወጣትነቱ በአሜሪካ የባሕር ኃይል ውስጥ አይሮፕላን ይጠግን ነበር። ስለዚህ በእጁ የሚሠራ ሰው በጽሕፈት ቤት የተቀመጠው የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ያስተውል ነበር።

አስቀድሞ የአለቆቹን ደጅ ከፍቶ ሠራተኛ ሁሉ እንዲገባ አደረገ። ያም የሕግ መጽሐፍ በግልጥ ቦታ በእሳት ተቃጠለ፤ ይህም ሥራውን የሚያውቅ ሰው በማስተዋሉ እንዲፈርድ ነው። አሳብ ያለው ሠራተኛ የሚናገርበት ስልክ ተደረገ፤ ለተናገረውም በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ ይሰጠው ነበር። ነገሩ የማይሆን ቢሆን እንኳ፥ የማይሆንበት ምክንያት ይነገረው ነበር። የበላይ ሹማምንቱም የተቀየሙ መንገደኞች የጻፉትን ደብዳቤ ተከፋፍለው፥ ራሳቸው እየደወሉ ይቅርታ ጠየቁ፤ በታናሹ ሠራተኛ አላመካኙም።

አይሮፕላን በሰዓቱ ባለመድረሱ ማኅበሩ በየወሩ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይከስር ነበር። ቤቲዩን የዚህ እኩሌታ ለ40,000 ያህል ሠራተኞች ቢካፈል ለእያንዳንዱ 65 ዶላር ያህል እንደሚደርስ ቈጠረ። ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. መጀመሪያ ማኅበሩ ሰዓት በመጠበቅ እስከ 5ኛ በወጣበት ወር ሁሉ ይህን ገንዘብ እንደሚከፍላቸው ተስፋ ሰጠ። ዕቃ ጫኙም ትኬት ቈራጩም እኩል ይቀበል ነበር። አንዱ ቢዘገይ ሁሉም ያጣልና፥ ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው መተጋገዝ ጀመሩ። ጥቂት ወራት ሳያልፉ ማኅበሩ አንደኛ ወጣ። በ1994 ዓ.ም. ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የከሰረው ማኅበር፥ በ1995 ዓ.ም. ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ሐዘን አልተፈጸመም። ትርፍ የሌለው ጉዞ ስለ ቀረ፥ በሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ከሥራቸው ወጡ። አለቆች ለሠሩት ስሕተት ዋጋውን የከፈሉት ስሕተቱን ያልሠሩት ናቸው። ስለዚህ አለቃ ምክርን መስማት ያለበት ቤቱ ሳይናጋ ነው። በ2010 ዓ.ም. ኮንቲኔንታል ዩናይትድ ከሚባለው ማኅበር ጋር ተዋሐደ፤ በኋላም ስሙ ቀረ።

ልጆች ሆይ፥ በቤት ታላቅ፥ በትምህርት ቤት የክፍል አለቃ የሚሆን ከእናንተ መካከል አለ። ሥራ ሲበላሽ «ማን አጠፋ?» ከማለት በፊት «እኔ ምን አጐደልሁ?» በሉ። ቀጥሎም ሥራውን በእጁ የሚሠራውን ጠይቁ፤ ታናሽ ነው ብላችሁም አትናቁት።

ጥያቄ።
1፤ ሠራተኞቹ ምልክታቸውን ከልብሳቸው ላይ ስለ ምን ይነቅሉ ነበር?
2፤ ሹማምንቱ መንገደኞቹን ራሳቸው ይቅርታ መጠየቃቸው ስለ ምን መልካም ሆነ?
3፤ ከአንተ የሚያንስ ሰው ያስተማረህ ነገር ምንድር ነው?