ሱቅ ሳይዘጋ

የመንፈስ እርካታ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ተራራና ዋሻ ነው። ልጅ የሚያለቅስበት፣ ደንበኛ የሚጨቃጨቅበት፣ ስልክ የማያርፍበት ኑሯችን ለዚህ ጉዳይ ቦታ ያለው አይመስለንም። የቦምቤዩ ኒሳርጋዳታ ማሃራጅ ታሪክ ልቤን የሚያሞቀው ለዚህ ነው። እኚህ ሰው ቢዲ የምትባለውን፣ በቅጠል የምትጠቀለል ሲጋራ የሚሸጡ ባለሱቅ ነበሩ፤ ባለትዳርና የልጆች አባት።

እ.ኤ.አ. በ1933 ሲድሃራሜሽዋር ማሃራጅ ከሚባሉ መምህር ጋር ተገናኙ። የተሰጣቸው ልምምድ አጭር ነበር፤ ነጋዴ ነኝ፣ አባት ነኝ፣ እገሌ ነኝ ከማለት በፊት ያለችውን «አለሁ» የምትል ስሜት አጥብቆ መያዝ። መምህሩ በ1936 ሲያርፉ ደቀ መዝሙሩ በዓመቱ ቤታቸውን ትተው ወጡ፤ ህንድን ዞሩ። ከዚያ ግን ተመለሱ! እኔ ከታሪካቸው ሁሉ የምወደው ይህን መመለስ ነው። ወደ ቤተሰባቸውና ወደ ባንኮኒያቸው ነው የመጡት። ኋላ ላይ ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች በቤታቸው ጠባብ ቆጥ ላይ ተጨናንቀው ይጠይቋቸው ነበር፤ ውይይቱም በ1973 «እኔ ያ ነኝ» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ ወጣ።

ትምህርታቸው አድቫይታ ከሚባለው ጥንታዊ የህንድ አስተሳሰብ ጋር ይገጥማል። አድቫይታ፣ የሚያውቀውና የሚታወቀው በሥረ መሠረታቸው ሁለት አይደሉም ይላል። ሲሰሙት ይከብዳል፤ ሲሞክሩት ግን ቅርብ ነው። ዛሬ ማታ ሰሃን ስታጥቡ ለአፍታ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሞቅ ያለው ውሃ በጣቶቻችሁ መሀል ይፈስሳል፣ የሳሙናው አረፋ ያንሸራትታል። አሁን ድንበሩን ፈልጉ፤ ሙቀቱ የት ላይ አብቅቶ ነው ሙቀቱን የምታውቁት እናንተ የምትጀምሩት? «እኔ እዚህ ነኝ፣ ውሃው እዚያ ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እሱም ቢሆን መጥቶ የሚሄድ ሐሳብ ነው። ድንበሩን ራሱን ግን ዳስሳችሁ አታገኙትም።

ይህ ልምምድ ዕዳ አይከፍልም፣ ጠባይም በአንድ ሌሊት አይለውጥም። ኒሳርጋዳታ ራሳቸው ቁጡ ነበሩ፤ ክርክር ሲጦፍ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ጨዋና ረጋ ያልኩ ሰው ልሁን ብላችሁ ቀጠሮ አትስጡት! ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ ተሻምቶ ሲገባ ደረታችሁ ቢግል፣ ያንን ግለት የምታውቀዋ ንቃት እዚያው አለች። ቁጣውን አልጠራችውም፣ አታባርረውምም፤ ታውቀዋለች። ይህን ያየ ሰው መናገር ካለበት ይናገራል፤ ቁጣው ግን እሱን ጠቅልሎ አይወስደውም። ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፣ ደግሞም ለማንኛችንም ክፍት ነው።

ሰሃን የማታጥቡ ከሆነ ድምፅም ይሆናል። ቢሮ ተቀምጣችሁ የመኪና ጥሩምባ ሲጮህ ስም ሳታወጡለት፣ ሳትራገሙም ስሙት። ድምፁ ወዲያ፣ እናንተ ወዲህ የተለያያችሁበትን ቦታ ፈልጉና ሥራችሁን ቀጥሉ። ለመጀመሪያው ቀን ይኸው ይበቃል።