ፈሳሹ ወዴት ሄደ? የኢንተርኩለርና የራዲያተር ችግርን ለይቶ ማወቅ

ለሰበካ ጉባኤና ለልማት ኮሚቴ አባላት፣ እንዲሁም ለካህናት አባቶች የቀረበ ትምህርት

በቆላማው ይፋት የሚሠራ የናፍጣ ፒክአፕ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲጎድልበት ወይም ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ፣ «ኢንተርኩለሩ ተበላሽቷል፤ ይቀየር» የሚል ጥያቄ ለኮሚቴው ይቀርባል። ዕቃው ውድ ነው፤ ገንዘቡም የምእመናን ነው። ስለዚህ ወጪውን የሚያጸድቁ ሰዎች መካኒክ መሆን ባይጠበቅባቸውም፣ ምርመራው በተገቢው ቅደም ተከተል መካሄዱን መጠየቅ ይገባቸዋል።

መንገዱ ሞተሩን ለምን ይፈትነዋል?

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር ዋሻ የሚወጣ መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ጭነት ይዞ በዝቅተኛ ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ግን በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈው ነፋስ ጥቂት ነው።

በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ ንጹሕ ውሃ በ3,000 ሜትር ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህ ደግሞ ሞተሩ ዘወትር የሚሠራበት ሙቀት ነው። ፈሳሹ እንዳይፈላ የሚከላከሉት በክዳኑ የታፈነው ግፊትና ከውሃው ጋር የተቀላቀለው ኩላንት ናቸው። ደኅና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ሜዳ ላይ ሳይታወቅ ቆይቶ ዳገት ላይ መኪናውን የሚያፈላው በዚህ ምክንያት ነው።

የኢንተርኩለር ሁለት ዓይነቶች

ቱርቦ አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ ሲግል ይሳሳል፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅንም ያንሳል። ኢንተርኩለር ይህን አየር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ያቀዘቅዘዋል።

የመጀመሪያው ዓይነት በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው። በአገራችን መንገዶች ላይ የሚበዙት ባለ ቱርቦ ፒክአፖች ኢንተርኩለር ካላቸው የዚህ ዓይነት ነው። በውስጡ አንዳች ኩላንት የለም። ሁለተኛው በውሃ የሚቀዘቅዝ ሲሆን ቀጫጭን የውሃ ቱቦዎች፣ አነስተኛ ራዲያተርና ብዙውን ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ አለው። ቱርቦ የሌላቸው የቀድሞ ፒክአፖች ደግሞ ኢንተርኩለር ፈጽሞ የላቸውም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የእኛ መኪና የትኛው ነው?» የሚል ይሁን። ወደ ኢንተርኩለሩ የሚገቡት ወፍራም የአየር ቱቦዎች ብቻ ከሆኑ፣ የጎደለው ኩላንት በእርሱ በኩል ሊወጣ አይችልም፤ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1. ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ክዳን አይከፈት። በግፊት የሚወጣው ትኩስ ፈሳሽ ፊትንና ዓይንን ያቃጥላል።

2. ጠዋት መኪናው ሳይነሣ የፈሳሹ መጠንና ቀለም ይታይ። ዝገት የውስጥ መበላትን ያመለክታል። በፈሳሹ ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት ወይም ወተት የመሰለ የሞተር ዘይት ካለ ጋራዥ ሳያየው መኪናው አይነሣ።

3. ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ቱቦዎቹና ማሰሪያዎቻቸው ይፈተሹ። የደረቀ የኩላንት ነጭ ወይም ባለ ቀለም ምልክት ፈሳሹ የወጣበትን ቦታ ያሳያል።

4. የራዲያተሩና የኢንተርኩለሩ ቀጫጭን ክንፎች በአቧራ፣ በገለባና በነፍሳት መዘጋታቸው ይታይ። ቢዘጉ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ይታጠቡ፤ ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል።

5. መኪናው ጉልበት ካጣ፣ ጥቁር ጭስ ካወጣና ሲጫን የፉጨት ድምፅ ካሰማ፣ ፈሳሹ ግን ካልጎደለ፣ የአየር ቱቦ መላቀቅ ወይም መቀደድ ይጠረጠራል። በመጋጠሚያው ላይ የሚታይ እርጥብ ዘይት ቦታውን ይጠቁማል። በቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት ቅባት መኖሩ የተለመደ ነው፤ የተጠራቀመ ዘይት ግን ቱርቦው እንዲመረመር ያስገድዳል።

6. ኢንተርኩለሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ፓምፑ መሥራቱና አየር አለመታፈኑ ይረጋገጥ። ፈሳሹ እየጎደለ በውጭ ምንም ካልታየ፣ ጋራዡ የግፊት መሞከሪያ ይጠቀም። ፈሳሹ ወደ አየር መግቢያው ከገባ ነጭ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭስ ይታያል። ብዙ ገብቶ ከሆነ ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር ቢየላውን ሊያጎብጠው ይችላል።

7. ነጭ ጭስ የቴስታታ ጋስኬት መቃጠልንም ያመለክታል። በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሣ በራዲያተሩ ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ቱቦዎቹ ገና ሳይሞቁ የሚጠነክሩ ከሆነ፣ ኢንተርኩለር መቀየር ችግሩን አይፈታውም።

በጉዞ ላይ ሙቀቱ ከፍ ካለ

ሹፌሩ ደኅና ቦታ ላይ ይቁም፤ ተሳፋሪዎችን ያውርድ፤ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይታገሥ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢጨመር ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። የወንዝ ወይም የምንጭ ውሃ በችግር ጊዜ ቢያደርስም፣ ማዕድኑ በውስጥ ስለሚጋገር ኋላ ይለወጥ። ዘወትር የሚጨመረው በአምራቹ የታዘዘው ኩላንት ነው፤ ውፍር ከሆነ አሲድ በሌለው በተጣራ ውሃ በታዘዘው መጠን ይበረዝ።

ጥብቅ ማሳሰቢያ

አብዛኛው ኩላንት ጣዕሙ የሚጣፍጥ መርዝ ነው። በጠጪ ውሃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ። ጠበል በፕላስቲክ ዕቃ በሚቀዳበት ግቢ ውስጥ ስሕተቱ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በራሱ ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በግቢው መሬትም አይደፋ፤ እንስሳት ይልሱታልና።

የኮሚቴው ድርሻ

በመኪናው ውስጥ አንድ መዝገብ ይኑር። ቀኑ፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ ጠዋት የታየው የፈሳሽ መጠንና የተጨመረው ይጻፍበት። የአንድ ወር መዝገብ ፈሳሹ በየቀኑ የሚጎድል ወይም ዳገት በተወጣበት ቀን ብቻ የሚጎድል መሆኑን ይለያል። የመጀመሪያው ወደ ፍሳሽ፣ ሁለተኛው ወደ ክዳን፣ ወደ ራዲያተር ወይም ወደ ቴስታታ ጋስኬት ያመራል።

ለስብሰባ መወያያ፦

— መኪናችን ምን ዓይነት ኢንተርኩለር አለው? ቀድሞውንስ አለው ወይ?
— ዕቃ እንዲገዛ ከመጠየቁ በፊት ክዳኑ፣ ቱቦዎቹና ራዲያተሩ ተመርምረዋል? ውጤቱስ በጽሑፍ ቀርቧል?
— የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ለኮሚቴው ተመልሶ ይታያል?
— ኩላንቱ የት ተቀምጧል? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?